የሰፊ ሰፈር አዳራሽ

የአንጦላ ከተማ አዳራሽ ታሪኩን የሚናገረው ራሱ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ሰው የዕለት የውሃ ድርሻውን ሊቀበል በረንዳው ሥር ሲሰለፍ፣ ከግድግዳው ውስጥ «እንደምን አደራችሁ፣ ውድ ነዋሪዎች» የሚል ድምፅ ይወጣል። የወንድ ነው እንዳይሉት ይለሰልሳል፤ የሴት ነው እንዳይሉት ይከብዳል። ጉንፋን አይዘው፣ ጉሮሮው አይደርቅ። ታሪኩ ተነግሮ እስኪያልቅ ቧንቧው አይከፈትም። ስለዚህ የአንጦላ ሰው ሌላ ምንም ባያውቅ የአዳራሹን ታሪክ በቃሉ ያነበንባል። ጀሪካኑን እግሩ ሥር አስቀምጦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ከድምፁ እኩል ይጨርሳል።

«ከመግቢያዬ በላይ የተቀረጸው ድንጋይ ‹ሰፊ ሰፈር ሠራው› ይላል። በዚያ ዘመን ከተማዋ ገላጣ ሜዳ ነበረች። ሰፊው ሰፈር በሙሉ ተባብሮ ሠራኝ። የሠራኝ ሁሉም ነው። ለብቻዬ ሠራሁት የሚል ማንም የለም።»

ከዚያ ይቀጥላል። ስንት ሠርግ እንደተደገሰበት፣ በወረርሽኙ ጊዜ ሕሙማን እንደተኙበት፣ በጎርፉ ዓመት እህል እንደተከማቸበት ይዘረዝራል። እስር ቤት የነበረበትን ዘመንም አይዘልም፤ «ዜጎች ለረጅም ጊዜ የተስተናገዱበት» ይለዋል።

ድምፁ «ሰፊ» ሲል «ፊ»ን ያጠብቃል። ሰፊ ሜዳ፣ ሰፊ መንገድ እንደሚባለው። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህች ፊደል ላይ ነው።

ሀሴት ናትናኤል ይህን ስትሰማ ጥርሷን ትነክሳለች። ስሟ ሀሴት ይሁን እንጂ ፊቷ ላይ ሀሴት የታየበትን ጊዜ ጎረቤት አያስታውስም። ሥራዋ የአዳራሹን ጣሪያ መጥረግ ነው፤ ፀሐይ የሚለቅሙት መስተዋቶች አቧራ ሲይዛቸው ድምፁ ይንተባተባል ተብሎ ስለሚፈራ፣ በየቀኑ በጨርቅ ታብሳቸዋለች። አባቷን የሚሰድበውን አፍ በገዛ እጇ እየወለወለች እንደምትውል ታውቃለች። ታዲያ ምን ታድርግ፤ ሌላ ሥራ የለም።

አባቷ፣ ጎረቤት ጋሽ ናቲ የሚላቸው፣ በሌላ ታሪክ ነው ያሳደጓት። በእሳቸው አፍ «ፊ» ላላ ትላለች። ሰፈሩ የልብስ ሰፊዎች ነበር። ከገበያው ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ በየበረንዳው መኪናውን ዘርግቶ የማይሰፋ አልነበረም። ክረምት በመጣ ቁጥር ግን ዝናቡ ከጎን እየገባ የሰው የሠርግ ልብስ ያበላሽባቸዋል። ስለዚህ ተሰብስበው አዋጡ፣ ድንጋይ ተሸከሙ፣ አዳራሽ ሠሩ። ጋሽ ናቲ ያኔ ገና የሱሪ እግር ጠርዝ መዘምዘም የተማሩ ጎረምሳ ነበሩ። የወለሉን ንጣፍ እያንዳንዱን አንድ ክንድ አድርገው ያስጠረቡት ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግተው ያለ ሜትር እንዲለኩበት ነው። መስኮቶቹን በሰሜን በኩል ያደረጓቸው ክር ወደ መርፌ ዓይን ሲያስገቡ ፀሐይ እንዳታጥበረብራቸው ነው። ኋላ ከተማው አዳራሽ አጣና ለመናቸው፤ ሰጡ። ሲሰጡም አንድ ነገር ብቻ አስገቡ፦ ይህ ሕንፃ እስከቆመ ድረስ ሰፊዎቹና ልጆቻቸው ከጥላው እንዳይነሱ። ይህም ሕግ ሆነ፤ የጥላ መብት ተባለ።

ዛሬ ልብስ የሚሰፋ የለም። ልብስ ይፈሳል። ሰው ጠዋት ተነሥቶ መታጠቢያ ቤቱ ጥግ እጁን ዘርግቶ ይቆማል፤ ከላይ ይወርድበታል፤ ማታ እዚያው ቆሞ ያቀልጠዋል። ክር የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ጠርዝ የለው። ጋሽ ናቲ ብቻ ናቸው በከተማው ውስጥ ስፌት ያለው ኮት የሚለብሱት። አንድ ነገር ከሰው እጅ ሲጠፋ ስሙም ከአፍ ተከትሎ ይሄዳል፤ ማንም አልቀበረውም፣ ማንም አላለቀሰለትም።

ደግሞ የሰው ምላስ ወደ አዳራሹ አደላ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ድምፁ የገናን በዓል «ና»ን አላልቶ «እንኳን ለገና በዓል አደረሳችሁ» ሲል፣ ገና ያልደረሰ በዓል እየመሰለ ሰው በሳቅ ይፈርስ ነበር። ልጆች ድምፁን እየኮረጁ ይጫወቱበት ጀመር። ከዚያ ልጆቹ አደጉ፤ አሁን ገናን አጥብቆ የሚጠራ ሰው ከገጠር የመጣ ይመስላቸዋል። የሀሴት የገዛ ልጅ፣ አገር ጥላ ከመሄዷ በፊት፣ «እማዬ፣ አያቴ ለምን ቃሉን ይሰብረዋል?» ብላ ጠይቃት ነበር።

ማስታወቂያው የተነገረው በሰልፍ ላይ ነው። ከታሪኩ ቀጥሎ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፦ «በዙሪያዬ ያሉ ቤቶች ይነሳሉ። ነዋሪዎች ወደ ማዶ ይሸጋገራሉ። የጥላ መብት ያለው ሰው ካለ ያስረዳ። የሠራኝ ሁሉም ስለሆነ፣ ባለመብት አልተገኘም።» ቧንቧው ተከፈተ። ሰውም ውሃውን ቀድቶ ሄደ።

ማዶ ከወንዙ ባሻገር፣ አሸዋው ላይ የተደረደሩት ማማዎች ናቸው። መስኮት የላቸውም፤ የመስኮት ሥዕል አላቸው። ወጣት ይለምደዋል ይባላል። ሽማግሌዎች ግን አንድ ዝናብ፣ አንድ ክረምት እንኳ፣ አያሳልፉም፤ የሰፈሩ ሰው ማዶ ከሄዱት አረጋውያን ዝናብ ያሳለፈ ሰው ስም ጥራ ቢባል አንድ አይጠራም። ሀሴት የፈራችው ይህንን ነው። ቤቱ ከሄደ አባቷ ይሄዳሉ። ሌላ ሰው የላትም።

ስለዚህ አቤት አለች። ለአዳራሹ አቤት የሚባለው በጽሑፍ ነው፤ ግድግዳው ላይ በጣት ይጻፋል። እሷም «ታሪኩ ላይ ሰፊ የተባለው ስህተት ስለሆነ፣ ሰፊ ተብሎ ይስተካከል» ብላ ጻፈች።

መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ሁለቱ ቃላት ተነጻጽረዋል። ልዩነት አልተገኘም። ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን።»

ሀሴት ቆማ የጻፈችውን አየችው። እውነትም ልዩነት የለውም። ሊቃውንቱ ፊደል ሲቀርጹ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለአንባቢ ልብ ትተውት አለፉ፤ ልብ የሌለው አንባቢ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

በማግሥቱ «ሰፊ፣ ፊ ሲላላ» ብላ ጻፈች። በሚቀጥለው ጠዋት ሰልፉ ላይ ታሪኩ አንድ ቃል ጨምሮ መጣ፦ «ሰፊና የላላ ሰፈር ሠራኝ።» ሰው ሳቀ። እንደገና ሄዳ «ልብስ ሰፊ» ብላ ጻፈች። ታሪኩ «ልብሳቸው ሰፊ የነበረ ነዋሪዎች ሠሩኝ» አለ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው፤ ከዚያ በላይ ከጨመረች ጭራሽ አባቷ ድንኳን ለብሰው ይሄዱ ነበር ሊባል መሆኑን አየችና እጇን ሰበሰበች።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አለ። አንለይ ይባላል፤ ወጣት ነው፤ ሥራው ከአዳራሹ ጎን ቆሞ አዳራሹ ያለውን ለሰው ማስረዳት ነው። ሀሴት አንዱን ጠዋት ጨርቋን እንደያዘች ከጣሪያ ወርዳ ያዘችው።

«ልጄ፣ አንተ ሰው ነህ። ጆሮ አለህ። ሰፊ ስልህ ይሰማሃል አይደል?»

«ይሰማኛል እትዬ ሀሴት።»

«ምን ማለት ነው?»

«ልብስ የሚሰፋ ሰው።» አንገቱን ደፋ። «ሴት አያቴ ትለው ነበር።»

«በል ንገረው እንግዲህ።»

«ነግሬዋለሁ። እኔ ስናገር በጽሑፍ ነው የሚይዘው። ሲይዘው አንድ ይሆናል።»

«የሚያርመው ሰው የለም?»

«የሠሩት ሰዎች እዚህ አገር አይደሉም። አማርኛም አይችሉም።» ከዚያ ጨመረ፦ «በሕይወት ያለ ምስክር ካለ ግን ቀርቦ መናገር ይችላል። ሕጉ ይፈቅዳል። አባትዎ ይቅረቡ።»

ጥሩ ልጅ ነው። ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

በቀጠሮው ቀን ጋሽ ናቲ ኮታቸውን ለበሱ። ራሳቸው የሰፉት፣ በጉልምስናቸው ልክ የተለካ ኮት ነው፤ አሁን እሳቸው ሟምተው ትከሻው ወደ ክንዳቸው ወርዷል። ጆሯቸው ስለደከመ ሀሴት አጠገባቸው እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። ከኋላ የሰፈሩ ሰው ተቀምጧል፤ የእነሱም ቤት በዚሁ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። ብርሃኑ በሰሜኑ መስኮት ገብቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። አዛውንቱ ከመቀመጣቸው በፊት ጎንበስ ብለው ንጣፉን በክንዳቸው ለኩት። ልክ ነበር፤ ፈገግ አሉ።

«ምስክሩ ይናገሩ» አለ አዳራሹ።

«ናትናኤል እባላለሁ። ሰፊ ነኝ። አባቴም ሰፊ ነበር። ይሄን ቤት የሠራነው እኛ ነን፤ ሰፊዎች። ድንጋዩን በዚህ ጀርባዬ ተሸክሜዋለሁ።»

«ምስክሩ ሰፊ መሆናቸውን ገልጸዋል። ይቀጥሉ።»

ሀሴት ምንም እንዳልተሰማ ገባት፤ አባቷ ግን አልገባቸውም። ሰው ከሰማቸው ረጅም ጊዜ ሆኗልና ደስ ብሏቸው ቀጠሉ።

«መኪናዬን እዚያች መስኮት ሥር አድርጌ ስንት ዓመት ሰፋሁ። የሠርጉን፣ የሐዘኑን፣ የተማሪውን፤ ያልሰፋሁለት ሰው አልነበረም።»

«ምስክሩ በአዳራሹ ውስጥ መኪና ማቆማቸውን ገልጸዋል። በአዳራሹ ውስጥ መኪና ማቆም ክልክል ነው። ይቀጥሉ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ።

«መርፌው ይኸው፣ ጣቴን ወግቶ ወግቶ አደንድኖታል። ይሄን ኮትም የሰፋሁት እኔ ነኝ። እዩት ስፌቱን። ስፌት ነው ሥራዬ፤ ስፌት።»

«ምስክሩ መርፌ መወጋታቸው ለጤና ክፍል ተላልፏል። ኮቱ እንደሰፋቸው በዓይን ተረጋግጧል። ‹ስፌት› የሚል ቃል አልተገኘም፤ ‹ስፋት› ተብሎ ተስተካክሏል። የምስክሩ ሥራ ስፋት ነው።»

አሁን ብዙ ሰው ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ማቆም ስላቃታቸው ነው የሳቁት፤ ከሳቁትም ውስጥ ዕንባውን የሚጠርግ ነበር። ሀሴት ግን በሕይወቷ ሙሉ ሰውን እንደዚያች ቅጽበት ጠልታ አታውቅም። አባቷ ሳቁን በዓይናቸው አይተው፣ የተመሰገኑ መስሏቸው፣ ለሕዝቡ እጅ ነሡ።

ከጣሪያው አንድ አረንጓዴ የብርሃን መስመር ወረደ። ከአዛውንቱ ግራ ትከሻ ጀምሮ እስከ ቀኝ ትከሻቸው ሄደ፤ ተመለሰ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ትከሻ ሲለኩ የኖሩ ሰው ቀጥ ብለው ቆሙለት፤ ሲለካ መንቀሳቀስ ልክ እንደሚያበላሽ ያውቃሉ።

«የምስክሩ የትከሻ ስፋት ከእኩዮቻቸው በታች ሆኖ ተገኝቷል» አለ አዳራሹ። «ምስክሩ ሰፊ አይደሉም። ምስክርነቱ ከእውነታ ጋር አይጣጣምም። ሐሰተኛ ምስክር ወደ ማዶ የሚሸጋገረው ከቤተሰብ ተለይቶ ነው። ምስክሩ ቃላቸውን ማረም ከፈለጉ ጥቂት ጊዜ ተሰጥቷቸዋል።»

ሳቁ እንደ ክር ተቆረጠ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ናቲ ወደ ልጃቸው ጆሯቸውን አስጠግተው። «አመነኝ?»

ሀሴት ቤቱ እንደሄደ አውቃለች፤ ስለ ቤቱ ማሰብ ያቆመችው መስመሩ ትከሻቸውን ሲለካ ነው። አሁን የቀራት አንድ ነገር ነው፤ እዚያ መስኮት የሌለው ማማ ውስጥም ቢሆን፣ አንድ ዝናብም ቢሆን፣ እጃቸውን ይዛ መቀመጥ።

አንለይ መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ ሀሴት፣ አባትዎ ‹ሰፊ አይደለሁም› ይበሉ። ክሱ ይነሳል፤ አብራችሁ ትሄዳላችሁ።»

«ምን?! ሥራቸውን ይካዱ ነው የምትለኝ?»

«አይካዱም። አጥብቀው ይበሉታ። ትከሻዬ ሰፊ አይደለም ማለት ነው እኮ። እውነት ነው። እሱ እንደሆነ አይለየውም፤ ለእኛ ግን ይለያል።»

ልጁ ብልህ ነው። ሀሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያ ድምፅ መደንቆር ሊጠቅማት እንደሚችል ታያት። ወደ አባቷ ጆሮ ጎንበስ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ትከሻቸው መለካቱን፣ ውሸታም መባላቸውን፣ ለብቻቸው ሊወሰዱ መሆኑን። ሽማግሌው ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ያለው ደስታ ቀስ እያለ ሄደ። ለረጅም ጊዜ ኮታቸውን ብቻ ሲመለከቱ ቆዩ።

«ሰፊ አይደለሁም ልበል?» አሉ በመጨረሻ። «ፊ»ን አላልተው ነበር ያሉት።

«አጥብቀው፣ አባባ። ሰፊ። እንደ መንገድ፣ እንደ ሜዳ። እንደሱ ካሉት ውሸት የለውም።»

«ሰፊ።»

«አጥበቅ ያድርጉት።»

«ሰፊ» አሉ። ሁለተኛው ጠበቀ። እንደ ባዕድ ቃል ነበር አፋቸው ላይ የተገላበጠው። «ሰፊ፣ ሰፊ» እያሉ ተለማመዱ፤ አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል። ሀሴት እጃቸውን ይዛ ትሰማለች። ከእኔ እንዳይለዩ፣ አባባ፣ አለች በልቧ፤ ግን እግዜር ያሳይዎ፣ ያንን ቃል አላልተው እንዳይክዱት። ሁለቱንም እኩል ፈለገች።

«ጊዜው ተጠናቋል። ምስክሩ ይናገሩ።»

ጋሽ ናቲ ተነሡ። በዱላቸው ተደግፈው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከሰፈሩ ሰው መሀል ልዩነቱን በጆሯቸው የሚለዩት ጥቂት ሽማግሌዎች ወደ ፊት አዘነበሉ።

«እኔ ናትናኤል» አሉ፣ ድምፃቸውን አጽንተው፣ እያንዳንዷን ቃል ለይተው፣ «ሰፊ አይደለሁም።»

ላልታ ነበር። እንደ ቀድሞው፣ ሕይወታቸውን ሙሉ እንዳሏት፣ ለስልሳ ከከንፈራቸው ወጣች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓይኑን ጨፈነ። አንለይ ወደ ወለሉ አቀረቀረ።

«እናመሰግናለን» አለ አዳራሹ። «ምስክርነቱ ከእውነታ ጋር ይጣጣማል። የሐሰት ክሱ ተነሥቷል። ምስክሩ ከልጃቸው ጋር ይሸጋገራሉ። ሰፊ ሰፈር የጥላ ባለመብት የለውም፤ ቤቶቹ ከነገ ጀምሮ ይነሳሉ።»

አዛውንቱ ይህን አልሰሙም። ቁጭ አሉና ወደ ሀሴት ዞሩ። ፊታቸው ፈተና ጽፎ እንደወጣ ተማሪ ነበር።

«አጠበቅኋት አይደል?» አሉ።

ሀሴት የኮታቸውን ኮሌታ አስተካከለችላቸው። 

«አጥብቀዋታል፣ አባባ።»

«እሰይ» አሉ፤ የኮታቸውንም ቁልፎች ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ይቆልፉ ጀመር።